የገበያ ዳር ቁርስ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፤ ስለ ቡና ቅጠልና ስለሚጠጣበት ዕቃ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና አብቃይ አገር፣ ይልቁንም በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ከተሞች፣ ትልቁ ገበያ ከመቆሙ አስቀድሞ የሚቆም ሌላ ትንሽ ገበያ አለ፤ ይኸውም የቁርስ ገበያ ነው። ቡናና ኮረሪማ፣ ሙዝና ማር፣ ጨውና ሸማ ከሚሸጥበት ሜዳ ዳር፣ ጎሕ ሳይቀድ ሴቶች ምድጃቸውን ያነዳሉ፤ ማሰሮ ይጥዳሉ፤ አግዳሚ ወንበር ያወጣሉ። ስለዚህ አገር እስከ ዛሬ የተጻፈው በብዛት ስለ እንሰት እርሻው፣ ስለ ጫካ ቡናው፣ ስለ ጥንቱ የከፋ መንግሥት፣ ስለ ዝሆን ጥርስና ስለ ባሪያ ንግድ ነው፤ ገበያተኛው በማለዳ በእጁ ይዞ ስለሚጠጣው ነገር የተጻፈው ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሆኖም ከማን ጋር ተቀምጦ፣ በማን ዕቃ፣ ምን መብላትና መጠጣት ይገባል የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ሰውን ከሰው የሚለይ ጥያቄ ሆኖ ስለ ኖረ፣ የቁርሱ ዳስ ተራ ነገር ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአጠገቧ ካለችው ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ተብላለች፤ የቤንች ሸኮ ዞንም መቀመጫ ናት። ቴፒ ከእርሷ ወደ ሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብላ፣ ዝቅ ባለውና ሞቃት በሆነው በሸካ ዞን ቆላ ትገኛለች። ሁለቱም ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናቸው። በዙሪያቸው የሚኖሩት ቤንች፣ ሸኮ፣ ሸካና ከፋ የኦሞ ቋንቋዎችን ሲናገሩ፣ መዠንግርና ሜኢኒት ግን ከእነዚህ የራቀ፣ ከናይል ሰሐራ ወገን የሆነ ቋንቋ ይናገራሉ። በገበያ ቀን እነዚህ ሁሉ፣ ከመሐል አገርና ከሰሜን ከመጣው ነጋዴና ሰፋሪ ጋር፣ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ፤ ከሜዳው በፊት ደግሞ በቁርሱ ዳስ ይገናኛሉ።

የዳሱ አሠራር ቀላል ነው። አራት ወይም ስድስት ቋሚ እንጨት ይተከላል፤ በላዩ ቆርቆሮ ወይም ሸራ ይጣላል፤ ዝናብ በሚያዘወትርበት በዚህ አገር ሸራው ከምግቡ እኩል ደንበኛ ይጠራል። ከግንድ የተጠረቡ ሁለት ወይም ሦስት አግዳሚዎች ምድጃውን ከበው ይቀመጣሉ። ባለቤቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ምናልባት ባልዋ የሞተባት ወይም የተፋታች፣ ወይም ደግሞ የቤቷን ገቢ ለመደጎም የወጣች ባለትዳር ትሆናለች። በዕድሜ የገፋች እንደ ሆነች «እማማ»፣ ልጅ እግር እንደ ሆነች «እኅቴ» እየተባለች ትጠራለች፤ የአገሩን ቋንቋ የማያውቀውም ሰው በአማርኛ ይህን ብሎ ከገባ በቂ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ባላገር ሸክሙን ተሸክሞ በሌሊት ይነሣል፤ ከቤቱ ሲወጣ እሳት አልነደደም፤ ገበያው ሜዳ ሲደርስ ደግሞ ነጋዴው ገና አልወጣም። ከመድረሱ እስከ መሸጡ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፍበት፣ ሸክሙን የሚያሳርፍበትና የዕለቱን ዋጋ የሚሰማበት ቦታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የቁርሱ ዳስ የወሬ ቤት ነው። የቡና ሰብሳቢው ዛሬ እሸቱን በስንት እንደሚገዛ፣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ እንደ ሆነ፣ የጭነት መኪና ገብቶ እንደ ሆነ እዚያ ይታወቃል። ይህን ወሬ ያልሰማ ሻጭ በመጀመሪያ ባገኘው ደላላ እጅ ይወድቃል፤ ለዚህም ነው ባላገሩ ቤቱ ጠጥቶ የመጣ እንኳ ቢሆን ከዳሱ ሳያርፍ ወደ ሜዳው የማይገባው።

በምድጃው ዙሪያ የሚቀርበው ምግብ ከሁለት አቅጣጫ የመጣ ነው። አንዱ በመኪና መንገድ የመጣ ነው፤ ይኸውም በዘይት የሚጠበስ ፓስቲና ቦንቦሊኖ፣ ዳቦ፣ በስኳር የጣፈጠ ሻይ፣ ከፍ ባለው ቤት ደግሞ የእንጀራ ፍርፍርና የተጠበሰ እንቁላል ነው። ለዚህ ሁሉ ዱቄቱ፣ ዘይቱና ስኳሩ በከረጢትና በጀሪካን ከሩቅ ይመጣል። ሁለተኛው ከጓሮና ከጫካ የመጣ ነው፤ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ቆጮ፣ የበቆሎ ቂጣና ንፍሮ፣ የበሰለ ሙዝ፣ ከእነዚህም ሁሉ ጋር በቤንች አገር «ጨሞ» የሚባለው የቡና ቅጠል መጠጥ ነው። መዠንግሮችም ይህንኑ ዐይነት መጠጥ «ካሪ» ይሉታል። በአንዳንዱ ዳስ ሁለቱም ወገን ይገኛል፤ በሌላው ግን ፓስቲው ብቻ ወይም ጎደሬውና ቅጠሉ ብቻ ይገኛል። እንግዳ የሆነ ሰው በየትኛው አግዳሚ እንደሚቀመጥ አይቶ ከወዴት እንደ መጣ መገመት ብዙ አያስቸግርም።

ስለ ጨሞ አዘጋጃጀት ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል፤ ከዚህ አገር ውጭ ያለው ሰው ቡና ሲባል ፍሬውን ብቻ ያስባልና። ቅጠሉ ከጓሮ ቡና ይቀነጠባል። እንደየቤቱ ልማድ እርጥቡን የሚጠቀሙ አሉ፤ በምጣድ ላይ እስኪደርቅና እስኪቀላ ድረስ አመስ አመስ የሚያደርጉም አሉ። ከዚያ በኋላ በእጅ ይታሻል ወይም በሙቀጫ ይወቀጣል። በሸክላ ማሰሮ ውኃ ይፈላል፤ ቅጠሉ ይጨመራል፤ ቅመሙም ለብቻው ተወቅጦ ይከተላል። ቅመሙ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ጨው ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይገቡም፤ ጨውና ሚጥሚጣ ግን አይቀሩም ማለት ይቻላል። ከፈላ በኋላ ተጠልሎ ይቀዳል። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቡናማ ያደላል፤ ጣዕሙም የሻይ አይደለም፤ የሚያቃጥል፣ ጨው ያለው፣ ከመጠጥ ይልቅ ወደ ቀጭን መረቅ የተጠጋ ነው። ጎደሬ ብቻውን ጉሮሮን የሚይዝ፣ ጣዕሙም የለዘበ ስለ ሆነ፣ ጨሞ ለጎደሬ ወጥ ለእንጀራ የሚሆነውን ያህል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ስኳር ጨምሮ የሚጠጣው ሰው ገና አዲስ መሆኑን ባለቤቲቱ ሳትጠይቅ ታውቃለች።

እዚህ ላይ የቅመሙን ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ኮረሪማ በእነዚህ ጫካዎች ራሱ የሚበቅል ተክል ነው። ዝንጅብል ደግሞ የባላገሩ ዋና የገንዘብ ምንጭ ከነበሩት አንዱ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. የተነሣው የአጠውልግ በሽታ ማሳውን አውድሞታል። በዚያ ጊዜ የተጎዳው ሻጩ ብቻ አልነበረም፤ ዝንጅብል የማይጠፋው የማለዳው ማሰሮም ተጎድቷል። ኢኮኖሚ ሲነገር የሚቆጠረው ወደ አዲስ አበባ የሄደው ከረጢት ነው፤ በማሰሮው የጎደለውን የሚቆጥር የለም።

ሰው ፍሬው በደጁ እያለ ስለ ምን ቅጠሉን ይጠጣል? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ድህነት ነው፤ ፍሬው ለገንዘብ፣ ቅጠሉ ለባለቤቱ የሚል ነው። በዚህ መልስ ውስጥ እውነት አለ። ከፋ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ በምኒልክ ሠራዊት ከተያዘ በኋላ በዚህ አገር የተዘረጋው የገባር ሥርዐት ማርን፣ ቡናንና ጉልበትን ይወስድ ነበር፤ በዚያን ዘመን ጊሚራ ይባል የነበረው የቤንችና የጎረቤቶቹ አገር፣ ማጂም ጭምር፣ በባሪያ ፈንጋዮች ምክንያት ሕዝቡ እንደ ሳሳ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ የሕዝብ ከሆነ በኋላም ፍሬው የግብር፣ የጨው፣ የልብስና የትምህርት ቤት ወጪ መሸፈኛ መሆኑ አልቀረም። ፍሬው በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ቅጠሉ ግን ዓመቱን ሙሉ በዛፉ ላይ አለ።

በሩቅ አገርም ለዚህ አምሳያ አለ። በኢንዶኔዢያ በምዕራብ ሱማትራ የሚኖሩት የሚናንግካባው ሰዎች «ካዋ ዳውን» የሚሉትን የቡና ቅጠል መጠጥ ይጠጣሉ፤ ቅጠሉን በእሳት ላይ አድርቀው ያፈሉና በኮኮናት ቅርፊት ይቀዱታል። ልማዱ የሆላንድ መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1847 ጀምሮ ቡናን በግዴታ ያስረክባቸው ከነበረበት ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ፍሬው ለገዢው ስለ ሄደ ቅጠሉ ለሕዝቡ ቀረ ይባላል። ነገሩ የቤንችን ሁኔታ የሚመስል ነው።

ነገር ግን ድህነት ሁሉን አይገልጥም። በሐረርጌ «ኩቲ» የሚባለውን የቅጠል መጠጥ ፍሬ የሚያንሰው ብቻ ሳይሆን ፍሬ የተረፈውም ይጠጣዋል። በሚዛን አካባቢም ቡናው በሞላ ቤት ውስጥ ጨሞ ይፈላል። ቅመሙን ለማሰናዳት የሚወስደው ድካም ቢታሰብ ፍሬ ቆልቶ ከማፍላት የሚያንስ አይደለም። የደኸየ ምትክ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሥርዐት ባልተሠራለት ነበር። ስለዚህ ቅጠሉ የፍሬው ተተኪ ሳይሆን በራሱ የቆመ ምግብ ነው ብሎ መያዝ ይበልጥ ያስኬዳል፤ ፍሬው ገበያ ሲያገኝ የቅጠሉ መጠጥ የድኻ ስም ወጣለት እንጂ የድኻ ሆኖ አልተፈጠረም።

ስሙን ያወረደው ከሰሜን የመጣው ሰው አስተያየት መሆኑንም መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለበት። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ ጻፉት፣ በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና ራሱ የእስላምና የአረማዊ መጠጥ ነው እየተባለ ሲነቀፍ ኖሮ፣ ነቀፌታው የላላው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ማለት ወታደሩና ሹሙ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዘምቱ ፍሬውን መጠጣት የለመዱት በቅርብ ነበር። አዲስ ለማጁ ነባሩን ጠጪ ናቀው። ዛሬም በከተማው ውስጥ አንዳንድ ሰው ከሹም ወይም ከመምህር ጋር ሲሆን ጀበና ቡና ያዝዛል፤ ብቻውን ሲሆን ወደ ጨሞው አግዳሚ ይዞራል።

በሌላ በኩል ደግሞ የውጭ አገር ሳይንስ ቅጠሉን ማክበር ጀምሯል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ክሎዲን ካምፓና ባልደረቦቻቸው በቡና ቅጠል ውስጥ በማንጎ ዛፍ የታወቀው ማንጂፈሪን የተባለ ንጥረ ነገር እንደሚገኝ አስታውቀዋል። ንቃት የሚሰጠው ካፌይንም በቅጠሉ አለ፤ መጠኑ ግን በአጠቃላይ ከፍሬው ያነሰ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ይኸውም በአውሮፓ ሐምሌ 2020፣ የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠል መጠጥ ከውጭ አገር የመጣ ነባር ምግብ ተብሎ በገበያው እንዲሸጥ ፈቅዷል። ለፈቃዱ መሠረት የሆነው መጠጡ በሌላ አገር ለረጅም ጊዜ ያለ ጉዳት ሲጠጣ መኖሩ ነው፤ የዚህ ረጅም ልምድ ባለቤት ከሆኑት መካከል በሚዛን ገበያ ዳር ማሰሮ የሚጥዱት ሴቶች አሉ። ከፈቃዱ የሚገኘው ጥቅም ወደ እነርሱ መድረሱ ግን በሕጉ የተጻፈ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማለት ጨሞ ከቤት ወደ ዳስ ሲወጣ ምን እንደ ተለወጠ ወደሚለው መሄድ ይገባል። በነባሩ ልማድ ጨሞ የጎረቤት መጠጥ ነው። በማለዳና በማታ ይፈላል፤ ያፈላችው ሴት ጎረቤቶቿን ትጠራለች፤ በሌላ ቀን ደግሞ እርሷ ትጠራለች። በቅል ይቀዳል፤ ቅሉም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በአንድ ቅል መጠጣት ከመጠጣት በላይ ነው፤ የታረቁና የሚተማመኑ ሰዎች መሆናቸውን ያሳያል። የተኳረፈ ሰው ሳይጠራ ይቀራል፤ ወይም ተጠርቶ ይቀራል፤ ሁለቱም ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩን ይገልጡለታል። እንዲህ ያለው መጠጥ ዋጋ የለውም፤ ዋጋው መልሶ መጥራት ነው።

በገበያ ዳር ግን ጨሞ በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ኩባያ ይቀዳል፤ በሳንቲም ይከፈላል፤ ጠጪውም ከአጠገቡ ከተቀመጠው ጋር አይተዋወቅም። የቤቱን ልማድ የሚያውቅ ሽማግሌ ይህን ሲያይ ነገሩ ረከሰ ሊል ይችላል። እውነትም አንድ ነገር ጠፍቷል። ነገር ግን ቅሉ የሚያሰባስበውን ያህል የሚያገልልም ነበረ፤ ይህም በማንጆ ላይ ይታያል።

ማንጆ በከፋና በሸካ የሚኖሩ፣ ጥንት በአደን የታወቁ ወገኖች ናቸው። ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ ተብለው እንደ ርኩስ ተቆጥረው ኖረዋል። ወደ ሌላው ሰው ቤት መግባት፣ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብ፣ በአንድ ዕቃ መጠጣት አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ምግብ ሲሰጣቸው በደጅ ቆመው በእንሰት ቅጠል ይቀበሉ ነበር። ገንዘብ አይደለም፣ የለያቸው ዕቃው ነበር ማለት ይቻላል። አሉላ ፓንክረስትና ዴና ፍሪማን በደቡብ ኢትዮጵያ ስለ ተገለሉ የእጅ ባለሙያዎችና አዳኞች በአዘጋጁት መጽሐፍ፣ መገለሉ የቦታ፣ የኢኮኖሚ፣ የፖለቲካ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የባህል መልክ እንዳለው አሳይተዋል። ዮሺዳ ሳዩሪ የተባሉት ጃፓናዊት ተመራማሪም ስለ ከፋና ስለ ማንጆ ግንኙነት ባደረጉት ጥናት ነገሩ በቅርብ ዘመንም እንዳልጠፋ ገልጸዋል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው መንግሥት ልዩነቱን በስብሰባና በትእዛዝ ሊያስቀር ሞክሮ ነበር፤ ትእዛዝ ግን እስከ ሰው ምድጃ ድረስ አይዘልቅም። በ1994 ዓ.ም. በከፋ ዞን ከዚሁ ከመገለል የተነሣ ግጭት ደርሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በከፋ ከተሞች የሚሸጠውን ማገዶና ከሰል ብዙውን ጊዜ ተሸክመው የሚያመጡት ማንጆዎች ናቸው። ስለዚህ ቡናውን ያፈላው እሳት ከእነርሱ እጅ የመጣ ሆኖ ሳለ፣ ቡናው የተቀዳበት ዕቃ ግን ለእነርሱ የማይሰጥበት ጊዜ ነበር። ማንጆዎች በከተማ ሻይ ቤትና ምግብ ቤት እንዳይገቡ ይከለከሉ እንደ ነበር፣ ወይም በተለየ ዕቃ ይሰጣቸው እንደ ነበር ለተመራማሪዎች ተናግረዋል። እንግዲህ የገበያው ዳስ በራሱ ነጻ አውጪ ነው ማለት አይቻልም።

ሆኖም ዳሱ ሦስት ነገሮች አሉት፤ እነዚህም ቤት የሌለው ናቸው። መጀመሪያ ደጅና ጓዳ የለውም፤ በር የሌለው ቤት ማንንም በደጅ ሊያስቆም አይችልም። ሁለተኛም ዕቃው የማንም አይደለም፤ ብርጭቆው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው ታጥቦ ነው፤ የቀደመው ጠጪ ማን እንደ ነበረ አይጠየቅም፤ ለመጠየቅም ጊዜ የለም። ሦስተኛው ሁሉንም ይበልጣል፤ ጎደሬው ለሁሉም በሙዝ ወይም በእንሰት ቅጠል ላይ ይቀርባል። ቀድሞ በቅጠል መብላት በደጅ የቆመው ሰው ምልክት ነበር፤ በዳሱ ግን ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ ባለ መኪናውም በቅጠል ይበላል። ማንም ይህን አስቦ ያደረገው አይደለም፤ ሳሕን መግዛትና ማጠብ ስለሚያስቸግር ብቻ የሆነ ነው። የማኅበራዊ ልማድ ለውጥ ብዙ ጊዜ በዐዋጅ ሳይሆን ዕቃ ለማጠብ ውኃ ስለሚቀዳበት ርቀት ይመጣል ቢባል የሚያስቅ አይሆንም።

የዚህን ወሰን አለማወቅ ግን ስሕተት ነው። በአንድ አግዳሚ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ከዚያ በኋላ በሠርግና በቀብር አብረው ይቀመጣሉ ማለት አይደለም። ሳንቲም የገዛው መቀመጫ ሳንቲሙ እስኪያልቅ ድረስ ነው። ከዳሱ ወደ ቤቱ ሲመለስ እያንዳንዱ የቅሉን ሕግ እንደ ተወው ያገኘዋል። የገበያ ቀን ወዳጅነትን የሰፈር ወዳጅነት አድርጎ የሚጽፍ ተመራማሪ በችኮላ የፈረደ ይሆናል።

በዳሱ የሚገናኘው ሰው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተለያየ መጥቷል። በበበቃና በቴፒ የተቋቋሙት ትልልቅ የቡና እርሻዎች በለቀማ ወራት ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ብዙ ሠራተኛ ስበዋል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቁ የተነሣ ከወሎና ከትግራይ ሕዝብ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ አገር ሰፍሯል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከመላው አገር ተማሪ አምጥቷል። እያንዳንዱ የአፉን ልማድ ይዞ መጥቷል። የከምባታና የሐዲያ ሰው እንሰትን ስለሚያውቅ ቆጮው እንግዳ አይሆንበትም፤ የወሎው ሰው ግን ጤፍ ይፈልጋል፤ ጤፉም ከሩቅ ስለሚመጣ ይወደድበታል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ኦርቶዶክሳዊ እስከ እኩለ ቀን ምንም ስለማይቀምስ በእነዚህ ቀናት አግዳሚው ይሳሳል፤ ፕሮቴስታንቱና እስላሙ ግን እንደ ወትሮው ይቀመጣሉ። ገበያው ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ በዋለ ጊዜ ባለቤቲቱ ማሰሮዋን አሳንሳ ትጥዳለች፤ ጎደሬውን ግን ለቀትር ታቆየዋለች።

ተማሪው ፓስቲውን ይመርጣል፤ ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ርካሽ ነው፤ ሆድ ይይዛል፤ በየትኛውም ከተማ ያውቀዋል። ጨሞውን የሚሞክረው አብዛኛውን ጊዜ በጓደኛው ግፊት ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ ሚጥሚጣው ያስለዋል፤ በዙሪያው ያሉትም ይስቃሉ። ሳቁ ግን የንቀት አይደለም፤ ቅጠሉን ያልጠጣ እንግዳ ነው፤ ጠጥቶ ያሳለ ደግሞ እንግድነቱን መተው የጀመረ ነው። እዚያው ሳለ ባለቤቲቱ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳታስከፍል ትጨምርለታለች። ይህ የንግድ ብልኀት ነው ለማለት ይቻላል፤ ከቤቱ ልማድ የተረፈ ነው ለማለትም ይቻላል፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ዱቤም አለ። ባላገሩ ቡናው ሳይደርስ በፊት ባሉት ወራት፣ ክረምቱ ሲከብድና ገንዘብ ሲጠፋ፣ በዱቤ ይጠጣል፤ ለቀማ ሲጀመር ይከፍላል። ባለቤቲቱ ብዙ ጊዜ መዝገብ የላትም፤ በቃል ትይዘዋለች። የዱቤው ደንበኛ ቡናውን ሲሸጥ ከዳሷ ፊት ለፊት ስለሚያልፍ መደበቅ አይችልም፤ ይህ ከመዝገብ ይበልጣል። በዚህም የተነሣ የሁለቱ አግዳሚዎች ገቢ በወራት ይፈራረቃል። በለቀማው ወራት እጁ ሳንቲም የያዘው ሰው ፓስቲና ስኳር ያለው ሻይ ይጠይቃል፤ የዘይቱ ድስት ከምድጃው አይወርድም። በክረምት ግን ዘይቱ ይወደዳል፤ ደንበኛው ይደኸያል፤ ያን ጊዜ ማሰሮው ይገናል፤ ቅጠሉ ከጓሮ ስለሚቆረጥ ባለቤቲቱ ለእርሱ የምታወጣው የማገዶውንና የጨውን ዋጋ ብቻ ነው።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሜዳው ይሞላል፤ በዳሱ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም። ባለቤቲቱ ማሰሮዋን ታጋድማለች፤ ተጠልሎ የቀረውን የቅጠል ዝቃጭ ከዳሱ ጀርባ ባለው ሙዝ ሥር ትደፋለች፤ የተበላበትን ቅጠል ፍየሎች ይወስዱታል። አግዳሚዎቹን አጥባ ሚጥሚጣ፣ ጨውና ኮረሪማ ትደረድርባቸዋለች፤ እስከ ማታም ከሌሎቹ ሻጮች እንደ አንዷ ሆና ትውላለች።